«ሚስት» ተብሎ ከተጻፈው ጀርባ፦ ስለ ፕሮፌሰር ክላውዲያ ጎልዲን ለቀረበ ጥያቄ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የሦስተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ፕሮፌሰር ክላውዲያ ጎልዲን በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ማግኘታቸውን አውቃለሁ። ሥራቸውን ሳነብ ግን አዲስ ቀመር አላገኘሁም፤ የበዛው የድሮ ሰነድ ነው። አንድ ጓደኛዬም ‹ይኼ ታሪክ እንጂ ኢኮኖሚክስ አይደለም› አለኝ። በትክክል ያገኙት ነገር ምንድን ነው? በምን መንገድስ እዚያ ደረሱ?»

ምላሽ፦ ጓደኛሽ ያለውን እኔም ተማሪ ሳለሁ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ጎልዲን የድሮ ሰነድ አገላባጭ ናቸው። የሚያነሡት ጥያቄ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው። ዋጋ ሲለወጥ ሰው ምን ያደርጋል? ሁለት ሰዎች እኩል ተምረው ለምን እኩል አይከፈላቸውም? የጎልዲን ችግር ለዚህ የሚሆን ዳታ ማንም አሰናድቶ ያላስቀመጠላቸው መሆኑ ነበር። ስለዚህ ወጥተው ፈለጉት። እኔ የሥራ ገበያ አጥኚ ነኝና ሽልማቱን ያስገኘላቸው ከሁሉ በላይ ይህ ፍለጋ ነው ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከመንገዳቸው ልጀምር። በ1946 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለዱ፤ ያደጉትም ብሮንክስ ነው። በልጅነታቸው የጥንት ቅርስ ቆፋሪ፣ ማለትም አርኪዮሎጂስት መሆን ይመኙ ነበር። ከዚያ ደግሞ ልባቸው ወደ ባክቴሪያ ሄደ። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የገቡት ማይክሮባዮሎጂ ሊማሩ ነው። እዚያ የአልፍሬድ ካን ኢኮኖሚክስ ክፍል ገጠማቸው። ካን በኋላ የአሜሪካን የአየር መንገድ ገበያ ከመንግሥት ቁጥጥር ያላቀቁ ሰው ናቸው። ጎልዲን በዚያ ክፍል ሐሳባቸውን ቀየሩ።

ከኮርኔል ወደ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አመሩ። ሁለት ሰዎች እዚያ ቀረጿቸው። አንዱ ጋሪ ቤከር ናቸው። ቤከር ትምህርትን፣ ትዳርን፣ ልጅ መውለድን በኢኮኖሚክስ መሣሪያ ያጠኑ ነበር። ሁለተኛው ሮበርት ፎገል ናቸው። ፎገል የታሪክን ጥያቄ በቁጥር የሚመረምረውን ዘዴ ካስፋፉት ቀዳሚዎች አንዱ ናቸው። ቤከር በ1992፣ ፎገል በ1993 ኖቤል አግኝተዋል። ጎልዲን ከአንዱ ጥያቄውን፣ ከሌላው ዘዴውን ወሰዱ ብል ብዙም አልሳሳትም።

የዶክትሬት ጥናታቸው በ1972 አለቀ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለጓደኛሽ የሚሆነው መልስ እዚህ አለ። ጥናቱ በአሜሪካ ደቡብ ከተሞች ስለነበረው ባርነት ነው። ከ1850 እስከ 1860 በብዙዎቹ የደቡብ ከተሞች በባርነት የተያዙ ሰዎች ቁጥር ቀንሶ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች «ከተማና ባርነት አብረው አይሄዱም፤ በከተማ ሰውን በባርነት ተቆጣጥሮ መያዝ ያስቸግራል» ይሉ ነበር። ጎልዲን ዋጋውን ተመለከቱ። በእነዚያ ዓመታት የጥጥ እርሻ የባሪያን ዋጋ ሽቅብ አወጣው። በከተማ ምትክ ሆኖ የሚቀጠር ነፃ ሠራተኛ ነበር፤ በተለይ ከአውሮፓ የሚጎርፈው ስደተኛ። በእርሻው ላይ ግን እንዲህ ያለ ምትክ እምብዛም አልነበረም። ዋጋው ሲንር የከተማው ጌታ ባሪያውን ለገጠር ሸጦ ነፃ ሠራተኛ ቀጠረ። ስለዚህ ቁጥሩ የቀነሰው ባርነት ከከተማ ኑሮ ጋር ስላልተስማማ አይደለም። የከተማው ፍላጎት ለዋጋ ለውጥ ይበልጥ ስሱ ስለነበረ ነው። አንቺ በመጀመሪያው ዓመት የተማርሽው ኢላስቲሲቲ ማለት ይኸው ነው። ሰነዱ ታሪክ ነው፤ መልሱ ግን ያለ ኢኮኖሚክስ አይገኝም ነበር።

ከዚያ በዊስኮንሰን፣ ቀጥሎ በፕሪንስተን፣ ቀጥሎ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ወደ ሴቶች ጥናት የገቡት በዕቅድ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩ ቤተሰቦችን ያጠኑ ነበር። አባት ምን ይሠራል? ልጆች መቼ ሥራ ይጀምራሉ? እያለ ሲሄድ አንድ ሰው መጉደሉን አስተዋሉ። እናቲቱ የለችም። በረጅሙ ጊዜ ሕይወቷ ከሁሉ በላይ የተለወጠው እሷ ሆና ሳለ ጥናቱ ውስጥ አልገባችም። የቀረው የሥራ ዘመናቸው ይህችን ሴት ፍለጋ ነው።

ፍለጋው ከባድ ነበር። በአሜሪካ የድሮ የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ያገባች ሴት የሥራ ዓይነት ዓምድ ላይ ብዙ ጊዜ «ሚስት» ተብሎ ብቻ ይጻፋል። ሴትዮዋ ከባሏ ጋር ታርሳለች። ቤቷ ውስጥ ተከራይ ታሳድራለች፣ ታበላለች። ከፋብሪካ ጨርቅ ወስዳ ቤቷ ትሰፋለች። በባሏ ሱቅ ትሸጣለች። መዝገቡ «ሚስት» ይላል፤ አለቀ። ጎልዲን የቆጠራውን ቁጥር እንዳለ አልተቀበሉትም። ሰዎች ጊዜያቸውን በምን እንደሚያሳልፉ የተመዘገቡበትን ጥናት፣ የኢንዱስትሪ ስታቲስቲክስን፣ ሌሎች መዝገቦችን እያመሳከሩ አረሙት። ውጤቱ ትልቅ ነበር። በ1890ዎቹ መጨረሻ ሥራ ላይ የነበሩት ያገቡ ሴቶች ቆጠራው ከመዘገበው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነው ተገኙ።

ወደ ኋላም ሄደዋል። ለፊላዴልፊያ የከተማ ነዋሪዎችን ማውጫ መጽሐፍ ተጠቀሙ። ይህ መጽሐፍ የቤተሰቡን ኃላፊ ስም፣ ሥራና አድራሻ ይዘረዝራል። ባል ሲሞት በቦታው የሚገባው የመበለቲቱ ስም ነው። ብዙዎቹ መበለቶች የባላቸውን ንግድ ይዘው ቀጥለዋል። ንግዱን ሳያውቁት ባንድ ሌሊት አይረከቡትማ። ባሉ በሕይወት ሳለ አብራ ትሠራ ነበር ማለት ነው፤ የተጻፈ ነገር ግን የለም። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ሳነብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ያልተጻፈውን ነገር ከተጻፈው ጎን አወጡት።

ቁጥሩ ሲታረም አንድ የቆየ እምነት ወደቀ። ኢኮኖሚ ሲያድግ የሴቶች የሥራ ተሳትፎ ሁልጊዜ አብሮ ያድጋል ይባል ነበር። ጎልዲን ወደ ሁለት መቶ ዓመት የሚሆን ታሪክ አያይዘው ሲያዩት መስመሩ ቀጥ ብሎ አልወጣም። የእኛን «ሀ» ፊደል ይመስላል፤ ከላይ ይጀምራል፣ ይወርዳል፣ ተመልሶ ይወጣል። በእርሻ ዘመን ሥራና ቤት አንድ ላይ ነበሩ፤ ያገባች ሴትም ብዙ ትሠራ ነበር። ፋብሪካ ሲመጣ ሥራው ከቤት ወጣ። ልጅ ያላት ሴት ወጥታ መሥራት ከበዳት፤ ተሳትፎዋም ወረደ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የሴቶች ትምህርት ሲስፋፋና የቢሮ ሥራ ሲበዛ መስመሩ ቀና አለ። እንግዲህ ዕድገት ብቻውን ሴትን ወደ ሥራ አያወጣትም። የሥራው ዓይነትና ቦታ ወሳኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የመለኪያው ችግር የድሮ ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። ዓለም አቀፍ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ በ2013 የ«ሥራ»ን ትርጉም እንደገና አሻሽሏል። በአዲሱ ትርጉም ለራስ ፍጆታ ማምረት ሥራ ይባላል፤ «ቅጥር» በሚባለው ክፍል ግን አይቆጠርም። ትርጉሙ ሲለወጥ ስንት ሴቶች ከአንዱ ዓምድ ወደ ሌላው እንደሚሻገሩ አስቢው። እኔም የዳሰሳ ጥናት መጠይቅ ላይ ስሠራ አይቼዋለሁ። «ትሠሪያለሽ?» ሲሏት «አልሠራም» ያለች ሴት፣ ትናንት ምን ስታደርግ እንደዋለች ሲጠይቋት የዘረዘረችው ገጽ ሙሉ ነበር።

አሁን ወደ ደመወዙ። በ1820 ገደማ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ሴት የምታገኘው ከወንዱ ሲሶ ያህል ነበር። ፋብሪካ ሲስፋፋ፣ በ1850 አካባቢ፣ ወደ ግማሽ ተጠጋ። የቢሮ ሥራ ሲመጣ ልዩነቱ እንደገና ጠበበ። ከዚያ ነገሩ ቆመ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሙሉ ጊዜ የምትሠራ ሴት ከወንዱ 60 በመቶ ገደማ ላይ ተቀምጣ ቀረች። በእነዚያ ዓመታት ሴቶች በብዛት ወደ ሥራ ይገቡ ነበር። ታዲያ ለምን ቆመ?

የጎልዲን አንዱ መልስ የአከፋፈል ዘዴው ነው። በፋብሪካ ብዙዋ ሴት የሚከፈላት ባመረተችው ቁጥር ነበር። ሃምሳ ሸሚዝ ከሰፋች የሃምሳ ይከፈላታል፤ ማድላት ቢፈልጉም ምቹ አይደለም። ቢሮ ሲመጣ ክፍያው የወር ደመወዝ ሆነ። ደመወዙ ደግሞ ሠራተኛው ወደፊት ምን ደረጃ ይደርሳል በሚለው ግምት ላይ ተመሠረተ። ወንዱ ለዕድገት ይታጫል፤ ሴቷ አግብታ ትሄዳለች ተብላ ባለችበት ትቆያለች። ዘመናዊው ቢሮ ከፋብሪካው ይበልጥ አድልዎ ያለበት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ለዚህ ማስረጃ ያገኙት በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው። በ1940 ገደማ የቢሮ ሠራተኞችን ለማጥናት ከድርጅቶች የተሰበሰቡ ቅጾች ነበሩ። ድርጅቶቹ የትኛው የሥራ መደብ ለሴት፣ የትኛው ለወንድ ብቻ እንደሆነ ሳያፍሩ ተናግረዋል።

ከዚህ ጋር የጋብቻ ክልከላ የሚባለው አለ። ሴት ስታገባ ከሥራ ይሰናበቷታል፤ ወይም ያገባችውን ከነጭራሹ አይቀጥሯትም። ይህ ደንብ በአስተማሪነትና በቢሮ ሥራ ላይ ተስፋፍቶ ነበር። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ ይበልጥ ጠበቀ። በ1942 በአሜሪካ ከነበሩት የትምህርት ቦርዶች 87 በመቶው ያገባች ሴት አንቀጥርም ይሉ ነበር። 70 በመቶው ደግሞ ሥራ ላይ ሳለች ያገባችውን አያቆዩም ነበር። ይህንን የማያውቅ ሰው «ሴቶች በራሳቸው ምርጫ ቤት ዋሉ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የጻፈም አለ።

ሌላው ምክንያት ተስፋ ነው። እኔ ከሥራቸው ሁሉ ልቤን የሚነካው ይኼኛው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ወጣት ሴቶች «35 ዓመት ሲሞላሽ ምን እየሠራሽ ትሆኛለሽ?» ተብለው ተጠይቀው ነበር። ሥራ ላይ እሆናለሁ ያለችው ሲሶ ገደማ ናት። ዕድሜያቸው ሲደርስ ሥራ ላይ የተገኙት ግን የዚያ እጥፍ ያህል ናቸው። ያዩት የእናቶቻቸውን ሕይወት ነበር። ስለዚህ ትምህርት ሲመርጡ ለአጭር የሥራ ዘመን የሚሆነውን መረጡ። ረጅም የሥራ ዘመን ሲመጣባቸው ያልተዘጋጁበት ነበር። ለዚህ ነው ለውጡ ትውልድ የሚጠብቀው። የዛሬው ደመወዝ ውስጥ ከሃያ ዓመት በፊት የተደረገ የትምህርት ምርጫ አለ።

ተስፋውን ከለወጡት ነገሮች አንዱ የወሊድ መከላከያ ክኒን ነው። ጎልዲን ከሎረንስ ካትዝ ጋር በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህንን ያሳያሉ። ካትዝ የሃርቫርድ ባልደረባቸው ናቸው፤ ባለቤታቸውም ናቸው። ክኒኑ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1960 ነው፤ ላላገቡ ወጣት ሴቶች ግን ወዲያው አልደረሰም። ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያይ ነበር። አጥኚዎቹ የተጠቀሙት ይህንኑ ልዩነት ነው። ክኒኑን ቀድመው ያገኙ ወጣቶች ጋብቻን ወደ ኋላ አዘገዩ፤ ረጅም ትምህርት የሚጠይቅ ሙያ ውስጥም ገቡ። በ1970 ከአንደኛ ዓመት የሕግ ተማሪዎች ሴቶቹ 10 በመቶ ነበሩ። በ1980 36 በመቶ ደረሱ። ክኒኑ ብቻውን አመጣው አይሉም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን ወጣቷ የራሷን ጊዜ ማቀድ እንድትችል አደረጋት።

እስካሁን ያልኩት በአብዛኛው ስላለፈው ነው። የዛሬውን ልዩነት የሚያብራሩበት ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያከራክረው ነው። ዛሬ በአሜሪካ ሙሉ ጊዜ የምትሠራ ሴት ከወንዱ 80 በመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ታገኛለች። ሴቶች በትምህርት ወንዶቹን አልፈዋል። ያገቡትን የሚያባርር ደንብ የለም። ታዲያ የቀረው ልዩነት ከየት መጣ?

ጎልዲን ከማሪያን በርትራንድና ከካትዝ ጋር የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የቢዝነስ ማስተርስ ምሩቃንን ተከታተሉ። ሴቱና ወንዱ ሲጀምሩ ደመወዛቸው ተቀራራቢ ነበር። አሥር ዓመት ሲያልፍ ክፍተቱ ሰፊ ሆነ። አብዛኛው ክፍተት የሚመጣው የመጀመሪያው ልጅ ከተወለደ በኋላ ነው። ሴቲቱ የሥራ ሰዓቷን ትቀንሳለች፣ ለጥቂት ጊዜም ታቋርጣለች። ቅጣቱ ግን ከቀነሰችው ሰዓት ይበልጣል።

ለምን? እዚህ ጋ «ስግብግብ ሥራ» የሚሉት ሐሳብ ይመጣል። ምሳሌ ልስጥሽ። ባልና ሚስት ሁለቱም ጠበቃ ናቸው እንበል። አንድ ትልቅ የሕግ ቢሮ በሳምንት 60 ሰዓት ለሚሠራ፣ ደንበኛ በእሑድ ማታ ሲደውልለትም ለሚያነሣ ሰው፣ 30 ሰዓት ከሚሠራው እጥፍ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ቤት ውስጥ ልጅ አለ፤ ድንገት ሊታመም ይችላል። ከሁለቱ አንዳቸው ለልጁ ጥሪ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን አለባቸው። ሁለቱም መካከለኛ ሥራ ቢይዙ ቤተሰቡ ብዙ ገንዘብ ያጣል። ስለዚህ አንዱ ስግብግቡን ሥራ ይይዛል፤ ሌላው የሚመቸውን። የሚመቸውን የምትይዘው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት። አለቃው ምንም አላደላም እንበል። ልዩነቱ ግን ተፈጠረ። የዋጋው አወቃቀር ራሱ ፈጠረው።

በተቃራኒው የቆመውን ማስረጃ ከፋርማሲስቶች አገኙት። በ1970 በአሜሪካ ሴት ፋርማሲስት ከወንዱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ታገኝ ነበር። በ2010 ከ90 በመቶ በላይ ሆነ። ለሴቶች ተብሎ የወጣ ልዩ ሕግ ወይም ዘመቻ አልነበረም። የተለወጠው ሥራው ነው። የግል ፋርማሲዎች እያነሱ ትልልቅ የመድኃኒት መደብሮችና ሆስፒታሎች በረከቱ። መድኃኒቱ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሆነ። የታካሚው መረጃ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። አንዱ ፋርማሲስት ሲወጣ ሌላው ገብቶ ያንኑ ደንበኛ ማስተናገድ ቻለ። ያን ጊዜ የአንድ ሰዓት ዋጋ አርባ ሰዓት ለሚሠራውም ሃያ ለሚሠራውም ያው ሆነ። ባነሰ ሰዓት መሥራት ቅጣት መሆኑ ቀረ ማለት ይቻላል። ለእኔ የጎልዲን ምርጥ ጽሑፍ ይህ ነው።

በሁሉ ነገር ግን አልስማማም። ይህ ማብራሪያ ለጠበቃና ለባንክ ባለሙያ ጥሩ ይሠራል። በአነስተኛ ደመወዝ ለምትሠራ የሱቅ ሠራተኛ ያን ያህል አይበቃም። የእሷ ችግር ፈረቃዋ ሳይነገራት መለዋወጡ ነው፤ ለዚያም ተጨማሪ ክፍያ የላትም። ሌላም ልጥቀስ። ከሴሲሊያ ራውስ ጋር በ2000 ያሳተሙት የኦርኬስትራ ጥናት በሰፊው ይታወቃል። ለመቀጠር የሚፈተነው ሙዚቀኛ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሲጫወት ሴቶች የማለፍ ዕድላቸው ጨመረ የሚል ነው። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ቁጥሮቹ ግን ሰፊ የስሕተት ወሰን አላቸው፤ ደራሲዎቹ ራሳቸው ጽሑፉ ውስጥ ብለውታል። ብዙ ሰው ይህንን ትቶ አርዕስቱን ብቻ ይጠቅሳል። አንቺ ስትጠቅሺው ሰንጠረዡን አይተሽ ጥቀሺ።

ከሴቶች ጥናት ውጭም ሠርተዋል። ከካትዝ ጋር በ2008 ያወጡት መጽሐፍ የአሜሪካን የገቢ ልዩነት በትምህርትና በቴክኖሎጂ እሽቅድድም ያብራራል። ለዚያ የአይዋ ክፍለ ግዛት የ1915 ቆጠራን አገላብጠዋል። ያ ቆጠራ ሰውን ትምህርቱንም ገቢውንም ጠይቆ ነበር፤ የአገር አቀፉ ቆጠራ ሁለቱን የጠየቀው በ1940 ነው።

የሥራ ዕድገታቸውን ባጭሩ ልንገርሽ። በ1990 ወደ ሃርቫርድ ሄዱ፤ በዚያ የኢኮኖሚክስ ክፍል ቋሚ የፕሮፌሰርነት ቦታ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የአሜሪካ ሴቶችን የኢኮኖሚ ታሪክ የያዘው ዋናው መጽሐፋቸውም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። በ2013 የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስግብግብ ሥራን ለሰፊው አንባቢ ያብራሩበት መጽሐፍ በ2021 ታተመ። በጥቅምት 2023 ኖቤሉ መጣ። ከእሳቸው በፊት ሽልማቱን ያገኙት ሴቶች ኤሊኖር ኦስትሮም በ2009 እና አስቴር ዱፍሎ በ2019 ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ከወንዶች ጋር ተጋርተውት ነበር። ብቻዋን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ጎልዲን ናቸው። ከዶክትሬቱ እስከ ዋናው መጽሐፍ 18 ዓመት እንደሄደ ልብ በዪ። ዳታውን በእጅ ከወረቀት እየገለበጡ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ በሲቪ ላይ እንደ አንድ መስመር ነው የሚታየው።

ማንበብ ከፈለግሽ ከ1990ው መጽሐፍ አትጀምሪ፤ ይከብድሻል። በመጀመሪያ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሳሉ ያደረጉትንና በ2014 የታተመውን ንግግር አንብቢ። ቀጥሎ የፋርማሲስቶቹን ጽሑፍ ያዢ። ደመወዝና የሥራ ሰዓት የተያያዙበትን ሰንጠረዥ ከጠበቆች ጋር አነጻጽሪው። ከዚያ አንድ የሥራ ገበያ ዳሰሳ መጠይቅ አግኚና የመጀመሪያዎቹን ገጾች በእርሳስ እያሰመርሽ አንብቢ። እያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ቆመሽ «ይህ ጥያቄ የትኛዋን ሴት ይስታል?» በዪ። የተጻፈ መልስ ይዘሽ ተመለሺ፤ ከዚያ ስለ መመረቂያ ጽሑፍሽ እናወራለን።